ነፃ አፈር

አፈሩን ለምኜ ግቢያችን ያስደፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት እያነበባችሁ "ምስኪን ልጅ" ማለት እንዳትጀምሩ ነው። ምስኪን አልነበርኩም። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት የቀሩኝ፣ አስረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ አንድ ቦታ አስር ደቂቃ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ አፌ እግሬን የሚቀድም የአቃቂ ልጅ ነበርኩ። ስሜ ሰናይት ነው። ሰፈር ውስጥ ሰኒ ይሉኛል፣ ሲናደዱብኝ ደግሞ "ያቺ ልጅ"።

ሰፈራችን ወንዙ ዳር ነው፣ ያውም ዝቅ ብሎ። ክረምት ሲገባ ውሃው ሳያንኳኳ ይገባል። አልጋችን ብሎኬት ላይ የቆመው ለዚህ ነው፤ ዱቄትና ልብስ ከሰኔ ጀምሮ ጣሪያ ስር ይሰቀላል። ስለዚህ እኛ ጋ አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና ዝም ብሎ አያልፍም። ያየው ሰው መንገድ መሃል ይወጣና እጁን ያወዛውዛል። "ወንድሜ፣ እዚህ ድፋልን" ይላል። ሹፌሩ መንገድ ያሳጥራል፣ እኛ ግቢያችንን በነፃ ከፍ እናደርጋለን። ከየት እንደተጫነ መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። በነፃ የሚሰጥህን ሰው ከየት አመጣኸው አትለውም፤ ነውር ይመስላል።

ከኛ ከፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ፣ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት አሮጌ የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ገንዳዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽታው ሰፈር ድረስ ይመጣል። በዚያ ጊዜ፣ በኢህአዴግ ዘመን ማለቴ ነው፣ ልማት የሚለውን ቃል ሳይሰሙ መዋል አይቻልም። አንድ ቀን ቀበሌ አዳራሽ ተጠራንና ነገሩን። ፋብሪካው ያረፈበት መሬት የተመረዘ ነው፤ መንግስት ለማፅዳት በጀት መድቧል፤ የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ከከተማ ውጭ ለዚሁ ወደተዘጋጀ ጉድጓድ ይሄዳል፤ በቦታው ንፁህ አፈር ይሞላል፤ ከዚያም ለተደራጁ ወጣቶች የመስሪያ ሼድ ይሰራበታል።

ሼድ ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። እኛ አስር ሆነን በብረታ ብረት ተደራጅተን ነበር። በርና መስኮት እንሰራለን። መስሪያ ቦታችን ግን የሊቀመንበራችን የኤፍሬም እናት በረንዳ ነው። ብየዳው ፍንጣሪ በረጨ ቁጥር እናቱ በመስኮት ብቅ ብለው "ዛሬስ ቤቴን ልታነዱት ነው" ይሉናል። ከአስሩ መሃል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ብየዳ ከኤፍሬም እሻላለሁ፤ እሱም ያውቀዋል፣ አይናገረውም እንጂ።

ስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ።

"አፈሩ የት እንደሚደፋ ማን ያያል?" አልኩ።

ሰብሳቢው ከፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ነው። ፈገግ አለ። "ጎበዝ ጠያቂ ናት። እንግዲያው እሷኑ የነዋሪ ተወካይ እናድርጋት።"

እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ተመረጥኩ። ስራው ሲያልቅ በርክክቡ ቀን ከፕሮጀክቱና ከስራ ተቋራጩ ጋር እኔም እንድፈርም ነው። የነዋሪ ፊርማ ከሌለ የተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ አይለቀቅም፣ ሼዱም አይጀመርም። እኔን መምረጣቸው አፍ ማዘጊያ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አሁን ጥፋቴን ስሙ። አዳራሽ ውስጥ "የት ይደፋል" ብላ የጠየቀችው ልጅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከላይ የሚወርድ ገልባጭ ስታይ መንገድ መሃል ወጥታ እጇን አወዛወዘች።

"ወዴት ነው ሹፌሬ?"

"ሩቅ ነው።"

"ከሩቁ እኛ አንሻልም?"

ጥርሱን እየፋቀ ቁልቁል አየኝ። "ግቢሽ መኪና ያስገባል?"

"አጥሩን እናነሳለን።"

"እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ሰው ሳያየኝ።"

ሰው ሳያየኝ አለ። ሰምቼዋለሁ። ግን እኛ ጋ ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ አሰሪው እንዳያይበት ነው። በዚያው ሰሞን ከላይ የአስፋልት መንገድም ይቆፈር ነበር። ከመንገዱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልዋሽም፣ መጠየቅ አልፈለግኩም። ብጠይቅ መልሱን ልሰማ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ለእማዬ፣ ባለሱቋ ለእትዬ ዘይነባ፣ ከታች ላሉት፣ ለግማሽ ሰፈር አስደፋሁ። ሁሉም መረቀኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፈሬ እንደዚያ ወዶኝ አያውቅም።

እማዬ የተደለደለው አፈር ላይ ጎመን ተከለች። ጎመን ሽጣ ነው ያሳደገችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ርክክቡ አርብ ጠዋት ነው ተባለ። ሐሙስ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የነገውን ሸሚዜን አጥባለሁ። ጋሽ ወርቁ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ጋሽ ወርቁ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ቆዳ ሲነክሩ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው።

"ጋሽ ወርቁ፣ እስቲ ይሄን ጎመን ይዩልኝ" አለች እማዬ። "ሶስቴ ተከልኩት፣ ሶስቴም ጫፉ ተቃጠለብኝ።"

"ውሃ በዝቶበት እንዳይሆን፣ አስካለ።"

"ውሃ የት አግኝቼ ነው የማበዛበት።"

ሳቁና ተንበረከኩ። አንድ ጓል አንስተው እንደ ዳቦ ለሁለት ገመሱት። ላዩ ግራጫ ነው፣ እንደማንኛውም ጭቃ። ውስጡ ግን አረንጓዴ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ከመሃሉ በጣታቸው የሆነ ነገር ጎትተው አወጡ። ቁራጭ ቆዳ ነው። ሳቃቸው ጠፋ። ጓሉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ መጥረግ ነው።

"ይሄን አፈር ማን አመጣው?"

"እኔ" አልኩ።

"ከየት?"

"ከመኪና።"

"መኪናውስ ከየት አመጣው ልጄ?"

እጃቸውን ዘረጉልኝ። በጣቶቻቸው መሃል ተበስተው የዳኑ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አያቸዋለሁ፣ ምን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።

"ይሄ ክሮም የምንለው መድኃኒት የበላኝ ነው" አሉ። "ቆዳውን እሱ ውስጥ ስንነክረው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ዝቃጩን ከገንዳዎቹ ጀርባ እንደፋው ነበር። ያኔ ማን ነግሮን። ይሄ የገንዳዎቹ ጀርባ አፈር ነው። ቀለሙን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።"

እማዬ ቆማ ጎመኑን ታያለች። "ያልተቃጠለውን እየመረጥኩ ሸጬዋለሁ እኮ" አለች። ለኔም ለጋሽ ወርቁም አልነበረም ያለችው።

ሸሚዙን ሳፋ ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ጋሽ ወርቁ ተከተሉኝ። መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሄድን። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ መጥተው ሰፈራችን ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል። አፈሩን ያስደፉት ከሱቁ ጀርባ፣ ልጆቻቸው በሚጫወቱበት ቦታ ነው።

"ደንበኛ ቆሞ እኔ ላንቺ ጓል ልስበር?" አሉኝ።

"አንድ ብቻ፣ እትዬ።"

ሰበርነው። ሰማያዊ ነው። እትዬ ዘይነባ ከጓሉ ወደኔ ዞሩ።

"አንቺ አይደለሽ ያስደፋሽልኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"መርቄሽ ነበር።"

"ምርቃቱን ይመልሱት።"

"ምርቃት እቃ ነው እንዴ የሚመለስ?" አሉና ልጆቹን በስም እየጠሩ ወደ ጓሮ ገቡ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ወደ ቤት ሲያስገቧቸው ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቤቶች እንደ እትዬ ዘይነባ አልነበሩም። አንዱ ጎረቤታችን ጓሉን ከእጄ ነጥቆ ወረወረው። "ዝም በይ" አለኝ። "ካርታ የሌለን ሰዎች ነን። ሰፈሩ ተመርዟል ከተባለ ነገ በቀይ ቀለም ኤክስ ቀብተው ነው የሚያስነሱን። አፈሩ ይገድለናል ብለሽ ሜዳ ላይ ልትጥይን ነው?" ሌላዋ በሩን ዘጋችብኝ። የሚሉት ነገር ሞኝነት አልነበረም፤ ያ ነው የከፋው። ኤክስ የተቀባባቸው ሰፈሮች የት እንደደረሱ ሁላችንም አይተናል።

ፀሐይ ሳትገባ ኤፍሬም በረንዳ ደረስኩ። ወሬው ቀድሞኝ ነበር።

"ነገ ትፈርሚያለሽ" አለኝ፣ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። "ሼዱን እንረከባለን። ከዚያ እኔ ራሴ አካፋ ይዤ ያንቺን ግቢ እዝቃለሁ። ቃሌ ነው።"

"ዝቀህ የት ትደፋዋለህ?"

"አቦ አንቺ ደግሞ፣ ሁሌ የት፣ የት።"

"ያን ቀን አንዴ ከየት ብዬ ቢሆን እዚህ አንደርስም ነበር።"

ቀዝቀዝ አለ። "ሰኒ፣ ዘጠኝ ሰው አለ ካንቺ ጀርባ። እዚች በረንዳ ላይ ልናረጅ ነው? አፈሩን ደግሞ አንቺ ነሽ ያስደፋሽው። ብትናገሪ መጀመሪያ የሚይዙት አንቺን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ካልፈረምሽ ከቡድኑ ትወጫለሽ።"

"እሺ" አልኩ። አፌ እንደልማዱ ፈጥኖ። ሆዴ ግን አልፈጠነም። ብየዳውን የተማርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። በራሴ መስሪያ ቦታ፣ በራሴ ማሽን፣ ማንም በመስኮት ሳይጮህብኝ አንድ የውጭ በር ከጫፍ እስከ ጫፍ መስራት፣ በዚያ ዕድሜዬ ሌላ ምንም አልመኝም ነበር።

እቤት ስገባ እማዬ ጎመኑን ነቅላ በማዳበሪያ ከረጢት አስራ አስቀምጣለች። ሸሚዜን አጥባ አስጥታዋለች።

"ፈርሚ" አለችኝ። "እኔ ጎመኑን ነቅያለሁ። ሌላ አልተክልም። ፈርሚና ኑሮሽን ኑሪ።"

ፌስታል አንስቼ ጓል ልለቅም ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ወንበር፣ የታሸገ ውሃ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ። መሬቱ ያምራል፤ ቀይ አፈር ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ውሃ ተረጭቶበታል። የሰፈር ሰው ከኋላ ተቀምጧል። ኤፍሬምና ልጆቹ የቡድኑን ቲሸርት ለብሰው ከፊት ናቸው። እማዬ ከኋላ ጥግ ላይ አለች። እኔ የተጠራሁት ጠረጴዛው ጋ ነው። በቀኜ ከረባት ያሰረው ሰብሳቢ፣ በግራዬ የተቋራጩ ተወካይ፣ አዲስ ቢጫ የስራ ቆብ ያደረገ ሰው። ፌስታሉን ከወንበሬ ስር አስቀምጫለሁ።

ንግግር ተደረገ። የህዝብ በጀት ለህዝብ ጤና መዋሉ ተነገረ። ተጨበጨበ። ሁለቱ ፈረሙና ወረቀቱ ወደኔ መጣ።

"ላንብበው" አልኩ።

"ይነበባል፣ ኮፒ ይሰጥሻል" አለ ሰብሳቢው።

"ሳልፈርም ነው የማነበው።"

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። አነበብኩት። መሃል ላይ፣ "የተበከለው አፈር በሙሉ ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ መወገዱን አረጋግጠናል" ይላል። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ፌስታሉን አንስቼ ነጭ ጨርቁ ላይ ገለበጥኩት። ጓሎቹን በእጄ ገመስኳቸው።

"ይሄ አልተወገደም" አልኩ። "እኛ ግቢ ነው ያለው።"

ቢጫ ቆቡ አልደነገጠም። ውሃውን ከፍቶ ተጎነጨ። "ይሄ የየትም ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ እህቴ።"

ጋሽ ወርቁ ከኋላ ተነስተው በቀስታ መጡ። የተበሳሳ እጃቸውን ከጓሉ ጎን፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አስቀመጡት። ሰብሳቢው አንዴ እጃቸውን፣ አንዴ ጓሉን አየ።

"እዚህ ለምን ያህል ጊዜ ሰርተዋል?" አላቸው።

"ወጣትነቴን በሙሉ።"

ቢጫ ቆቡ አሁን ወደኔ ዞረ። "ጥሩ። መኪናዎቻችን ወደተፈቀደው ቦታ ነው የተላኩት። መንገድ ላይ አስቁሞ ግቢው ያስደፋ ሰው ካለ በህግ ይጠየቃል። ማን ነው ያስደፋው?"

ኤፍሬም አይኑን ጫማው ላይ ተክሏል። የሰፈሬን ሰው አንድ በአንድ አየሁት። ማንም ስሜን አልጠራም። ጠቁመውኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መንገድ መሃል ቆሜ ለመንኩት። ሹፌሩም ቶሎ በይ፣ ሰው ሳያየኝ አለኝ። አንድ መኪና አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ነው ያመላለሱት። እናንተ ሩቅ ለማድረስ ነው የተከፈላችሁ። እኔ ነፃ ስለሆነ ነው የወሰድኩት። የኔን ፃፈው፣ የናንተንም ፃፈው።"

"እንግዲያው አጥፊዋ ራስሽ ነሽ።"

"አዎ። አጥፊዋ አልፈርምም እያለች ነው።"

ሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄ፣ ተረጋጊ። ሼዱ የናንተ ነው። ነገሩን በኋላ በውስጥ እንጨርሰዋለን።"

"ጋሼ፣ ስብሰባው ላይ ጎበዝ ጠያቂ ብለውኝ ነበር። አፈሩ የት ተደፋ? አሁንም ያንኑ ነው የምጠይቅዎት።"

ከረባቱን ነካካ። ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እማዬ ናት። የታሰረውን ማዳበሪያ ከረጢት ይዛ መጥታ ነበር፤ አላየሁትም። እየጎተተች ወደ ፊት መጣችና ጠረጴዛው እግር ስር ፈታችው። የተቃጠለ ጎመን።

"የኔም ግቢ አለ" አለች ሰብሳቢውን እያየች። "ቤቴ ላይ ኤክስ መቀባት ከፈለጋችሁ ቅቡ። ለሰው የሸጥኩትን ግን መልሼ ላመጣው አልችልም።"

እትዬ ዘይነባ ተነሱ። "የኔም ጓሮ አለ። ልጆቼ ሲንከባለሉበት ነው የከረሙት።"

ሁለት ሴቶች። ሌላ ማንም አልተነሳም። ሰው ሁሉ ተነሳ ብዬ ብፅፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተነሳም። አንገታቸውን ደፍተው ነበር የተቀመጡት። እኔ ግን ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም። እስክሪብቶውን አንስቼ ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ ፃፍኩ፣ "አልተወገደም። ግቢያችን ነው። ያስደፋሁትም እኔ ነኝ። ሰናይት።" ወረቀቱ ስለተበላሸ ርክክቡ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ተባለ።

የሆነውን ላሳጥርላችሁ። ሶስቴ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። ቡድኑ በቀጣዩ ሰኞ ተሰብስቦ አስወጣኝ፤ ደብዳቤውን ያመጣልኝ ኤፍሬም ነው፣ ቀና ብሎ አላየኝም። ክፍያው ታግዶ ተቋራጩ አፈሩን ከየግቢው እንዲያነሳ ታዘዘ። መኪኖቹ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ማንም እጁን አላወዛወዘም። ኤክስ የተቀባ ቤት የለም። ነገር ግን ሲዝቁ ጠልቀው ዝቀው፣ በምትኩ ምንም ሳይሞሉ ነው የሄዱት። በዚያ ክረምት ውሃው ከወትሮው ከፍ ብሎ ገባ፣ እስከ አልጋችን ጠርዝ። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ አልጋው ላይ ቆማ "ይሄንንስ እኛ አልለመንነውም" አለችኝ። ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሳቅን።

ሼዶቹ ዘግይተው ተሰሩ። ኤፍሬምና ልጆቹ ገቡ። እኔ ሳሪስ አቦ አካባቢ የሰው ብየዳ ቤት ተቀጥሬ እሰራለሁ። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሼዶቹ በኩል ሳልፍ የብየዳ ብልጭታ አያለሁ። ይቆጨኛል። አይቆጨኝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ብመለስ ግን ያንኑ ነው የምፅፈው፣ ፊደሉን ብቻ ከፍ አድርጌ።

ከዚያች አርብ በኋላ አንድ ነገር ገብቶኛል። መሬት ለማፅዳት የተመደበው የኛው ገንዘብ ነበር። በዚያ ገንዘብ መርዙን ማንም ከማይኖርበት ግቢ አንስተው ሰው ወደሚኖርበት አመጡት። ያመጡት ደግሞ በጉልበት አይደለም፤ አጥራችንን በገዛ እጃችን አንስተንላቸው ነው። እናንተም ጋ አንድ ቀን በነፃ የሆነ ነገር የጫነ መኪና በር ላይ ይቆማል። አፈር ላይሆን ይችላል። ምርቃቱን ከመጀመራችሁ በፊት ከየት እንደተጫነ ጠይቁ፤ ሹፌሩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ባለፈው ሰኔ እሁድ ቀን እቤት ነበርኩ። ከላይ አፈር የጫነ ገልባጭ ሲወርድ አየሁ። እማዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ መንገድ መሃል ወጣችና እጇን አወዛወዘች። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ሹፌሩ ቆመና መስታወቱን አወረደ።

"ልድፋልሽ፣ እናቴ?"

"ቆይ" አለችው እማዬ። "መጀመሪያ ውረድና አንድ ጓል ስበርልኝ።"